የቲቸር ሄርሜላ መራመጃ

ቅዳሜ ጠዋት የሂርማታ ሰፈር ሰው የለሰለሰ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ዕቃ ማተሚያ ጣቢያው ይወርዳል። ወንበሩ እንደ እርጥብ ቆዳ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ባልዲው ተጣጥፎ ብብት ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛ ለሁለት ይያዛል፤ ብቻውን የመጣ ሰው መሬት ለመሬት ይጎትተዋል። ሰልፉ ላይ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ታመመ ጎረቤት ይወራል። ስለ ዕቃው የሚያወራ የለም። ዕቃ በሦስት ዓመቱ ይለሰልሳል፣ ጣቢያው ያቀልጠዋል፣ በምትኩ ሌላ ይታተማል። እንዲቆይለት የሚፈልግ ሰው ቀኑ ሳይደርስ ዕቃውን ይዞ በጣቢያው ካሜራ ፊት ይቆማል፤ ይታደስለታል። በጅማ ከ2050 ወዲህ የተወለደ ሰው ዕቃ ከዚህ ሌላ ጠባይ ሊኖረው ይችላል ብሎ አያስብም።

ኢንጂነር ነቢል ከማል በዚህ ጣቢያ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል። የእያንዳንዱን ዕቃ የልስላሴ ቀን የሚወስነውና የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ወገቡን ያመዋል። ጎረምሳ ሳለ አዌቱ ወንዝ በፕላስቲክ ታፍኖ ሰፈሩን በጎርፍ ሲያጥለቀልቅ አይቷል። ዕቃ ሁሉ ቀኑን ጠብቆ እንዲለሰልስ የሚያዘው የልስላሴ ሕግ ሲወጣ ካጨበጨቡት አንዱ ነበር። ዛሬም ሕጉን ክፉ ነው አይለውም። ወንዙ ጠርቷል። ዓሣ ገብቶበታል ይባላል። ነቢል ሄዶ ለማየት ጊዜ አላገኘም።

ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል ይገባል። እዚያ የሚሠራበት ዋንዛ በንፋስ የወደቀ ነው፤ ዛፍ ሁሉ ተቆጥሮ ስለተመዘገበ ቆሞ ያለውን መቁረጥ አይቻልም። የእንጨቱን እርጥበት የምትለካ ትንሽ ሳጥን ሠርቷል፤ እንጨቱ ለመላግ ሲደርስ ቀይ መብራቷ ይጠፋል። ጣቢያው አርጅቷል ብሎ የጣለውን ማተሚያ ወስዶ ሞተሩን ሦስት ጊዜ ቀይሮለታል። በቀን አራት ደቂቃ ወደኋላ የሚቀር የእንጨት ሰዓት አለው። ዝናብ ሲመጣ ራሱን የሚዘጋ መስኮት ሞክሮ ነበር፤ ፀሐይም ሲመጣ ይዘጋል። ከጀመራቸው ሥራዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አላለቁም።

ባለቤቱ ሐናን አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ሰው ደክሞት ሲገባ ይተኛል። አንተ ደክሞህ ስትገባ መጋዝ ታነሳለህ።»

«ይኼ አያደክመኝም።»

«ፊትህን በመስታወት እየው እስቲ።»

ከዚያች ክፍል የሚወጣ ነገር ከግቢው አያልፍም። የዳቦ ቤቱ፣ የባንኩ፣ የአውቶቡሱ በር ሁሉ የሚገባውን ዕቃ ቁጥሩን ይጠይቀዋል፤ ዕቃውም በውስጡ ባለችው ቅንጣት ይመልሳል። የማይመልስ ዕቃ ባዕድ ዕቃ ይባላል። በሩ አይከፈትለትም፤ የያዘው ሰውም ውጭ ይቀራል።

በሐምሌ፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ቲቸር ሄርሜላ ወደቁ።

ቲቸር ሄርሜላ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ነቢልንም ሰባተኛ ክፍል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የሚኖሩትም ከእሱ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። በሁለት እጃቸው ይዘው በሚደገፉት ባለ አራት እግር መራመጃ ነበር የሚሄዱት። ያ መራመጃ የቤታቸው ደረጃ ላይ ሳሉ ለሰለሰ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ።

ነቢልና ሐናን ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ቲቸር ከቀዶ ሕክምናው ገና አልነቁም ነበር። በማግሥቱ የጣቢያው ኃላፊ ፌቨን የአደጋውን ቅጽ ላከችለት። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የተጠቃሚ ቸልተኝነት» ተብሎ ተሞልቷል። የቀረው የመሐንዲሱ ማኅተም ብቻ ነው። ነቢል እንዲህ ያለ ቅጽ በሥራ ዘመኑ ሠላሳ ያህል ጊዜ አትሟል። አንዱ ስለ መሰላል፣ አንዱ ስለ ድስት እጀታ፣ ሌሎቹን አያስታውስም። ይኼኛውን «ዕቃውን ልየው» ብሎ አቆየው። ቅጹ እስኪዘጋ ድረስ ግን ለቲቸር ምትክ መራመጃ አይታተምላቸውም።

ቲቸር ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ሊጠይቃቸው ገባ። የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው ያስታምሟቸዋል፤ የዕለቱ ባለ ተራ ነቢልን ስታይ ሁለቱን ትታ ወጣች።

«ቁጭ በል» አሉት። «ከቆምክ አንገቴን ያመኛል።»

«እንዴት ሰነበቱ ቲቸር?»

«እንደምታየኝ። ዕቃውን ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ እኔን?»

«ሁለታችሁንም።»

መራመጃው ጥግ ላይ ነበር። አራቱ እግሮቹ ተጠማዝዘው ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ነቢል ቁጥሩን አነበበ። ቀኑ ትክክል ነው። የለሰለሰው በተወሰነለት ቀን፣ በተወሰነለት ሰዓት ነው።

«ደረጃው ሦስት ነው» አሉ ቲቸር። «ሁለቱን ወረድኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ ውስጥ ሞቀ። ከዚያ እንደ ሊጥ ሆነ።»

«ሦስት ቀን ሲቀረው ቀለሙ ይገረጣል። አላስተዋሉትም?»

«ዓይኔ ሁሉን ነገር ገርጥቶ ካሳየኝ አሥር ዓመት ሆነው እኮ።»

«ሰው ልከው ቢያሳድሱት...»

«ባለቤቱ ራሱ ካልቆመ አይታደስም ብላችሁ የለ? ጉንፋን ይዞኝ አሥራ ስድስት ቀን ተኛሁ። ተሻለኝና ላሳድሰው ስወጣ ነው የወደቅኩት።»

ቲቸር ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡ።

«አንድ ነገር አጣርተህ ንገረኝ። መራመጃን ከባልዲ እኩል ያደረገው ማን ነው? ልከሰው አይደለም። ስሙን ማወቅ ነው የፈለግኩት። ምናልባት እኔ ያስተማርኩት ልጅ ይሆናል።»

«አጣራለሁ» አለ።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቶ የቆዩ ውሳኔዎችን ፈለገ። ፍለጋው ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀም። እስከ 2065 ድረስ መራመጃ፣ ክራንች፣ ሰው ሠራሽ እግርና የመሳሰሉት የራሳቸው ዝርዝር ነበራቸው፤ አይለሰልሱም ነበር። ከዚያ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ አለ። «ለአሠራር ቅልጥፍና ሲባል ሁለቱ ዝርዝሮች እንዲዋሃዱ ተወስኗል።» ከታች ማኅተም። ማኅተሙ የነቢል ከማል ነው።

ቀኑን አስታወሰው። ረመዳን ነበር። ሁለት ባልደረቦቹ ሥራ ለቀው እሱ የሦስት ሰው ሥራ ይሠራ ነበር። ሁለት ዝርዝር መያዝ አሰልችቶታል። ማዋሃድ ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀው ራሱ፣ ይቻላል ብሎ የመለሰውም ራሱ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ቶሎ ወደ ቤት መሄድ ፈልጎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በከተማው ስንት ሰው እንዲህ ባለ ዕቃ እንደሚሄድ ቆጠረ። ከቲቸር ሌላ ሁለት መቶ አሥራ አንድ።

ማታ እራት ላይ ለሐናን ነገራት።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«መራመጃውን ከባልዲ ጋር ያደረግኩት።»

ሐናን እጇን ከሳህኑ አነሳች። «ነገርካቸው?»

«ገና ነው። የማይለሰልስ መራመጃ ልሠራላቸው ነው። እሱን ስጨርስ እነግራቸዋለሁ።»

«ነቢል፣ መራመጃ ይቅርታ አይደለም። መራመጃ መራመጃ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ግን ከመናገሩ ይልቅ መሥራቱ ቀሎታል።

ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የደረቀ ዋንዛ መርጦ አራት እግር ላገ። አግዳሚዎቹን በምስማር ሳይሆን ጫፋቸውን አቅጥኖ በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቶ አያያዛቸው፤ ምስማር በጊዜ ብዛት ይላላል። እጅ የሚያርፍበትን ክፍል ሐናንን አሥር ጊዜ እያስጨበጠ አለሰለሰው። የእግሮቹን ጫማ በአሮጌው ማተሚያ አተመ። ሦስት ጊዜ ተበላሸበት፤ አራተኛው ያዘ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ አልንሸራተት አለ።

ያስቸገረው ቁጥሩ ነው። ለበር የምትመልሰውን ቅንጣት ከአሮጌ የበር ደወል ፈትቶ መሥራት አላቃተውም። ግን ምን ብላ ትመልስ? የሌላ ሰው ዕቃ ቁጥር መስረቅ አልፈለገም። የፈጠራ ቁጥር ደግሞ በሩ አይቀበልም። ጊዜ የማያልፍበትና የራሱ የሆነ ቁጥር አንድ ብቻ አለው፤ የመሐንዲስነት ማኅተሙ። መሐንዲስ ለቁጥጥር የትም ስለሚገባ ያ ቁጥር ሁሉንም በር ይከፍታል። እሱን ሰጣት። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ለመነሳት ሐናንን ጠራ።

መራመጃውን ለቲቸር የወሰደው እሑድ ከሰዓት ነው። አልጋቸው አጠገብ አቁሞት እሱም ቆመ።

«አጣርቻለሁ» አለ። «እኔ ነኝ ቲቸር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሁለቱን ዝርዝር አንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ቲቸር ሄርሜላ የመራመጃውን እጀታ በጣታቸው ዳሰሱ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«ለምን?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ሰባተኛ ክፍል ሆነህም ስሌቱን ትዘልና መልሱን ብቻ ትጽፍ ነበር።»

«አዎ ቲቸር።»

«ተናድጃለሁ። ብዙ ቀን እናደዳለሁ። ግን ዛሬ መቆም እፈልጋለሁ። ያዘኝ።»

ያዛቸው። ቆሙ። እንጨቱን ጨብጠው አራት እርምጃ ሄዱና ከበደኝ አሉት። ወስዶ እግሮቹን አቀጠነ። አሁንም ከበዳቸው። እንደገና ላገው። በሦስተኛው ምንም ሳይሉ እስከ ውጭ በር ድረስ ሄደው ተመለሱ።

በሳምንቱ ዳቦ ቤት ሄዱ። በሩ ተከፈተና በተለመደው ድምፁ «እንኳን ደህና መጡ ኢንጂነር ነቢል ከማል፤ የቁጥጥር ጉብኝትዎ ተመዝግቧል» አለ። ዳቦ ሻጯ ደንግጣ ከባንኮኒው ሥር ያስቀመጠችውን ቁጥር የሌለው የሰሌን ቅርጫት በጨርቅ ሸፈነች። ቲቸር ዳቦ ገዝተው ወጡ። ከዚያ ፋርማሲ ገቡ፣ ከዚያ ቤተ መጻሕፍት። የትም ሲገቡ በሩ ኢንጂነር ይላቸዋል። ማታ ነቢልን ሲያገኙት «ዛሬ ሦስት ቦታ ተቆጣጠርኩ፤ ዳቦ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ቅርጫት የሚባል አላየሁም» አሉት። ከወደቁ ወዲህ እሱ ፊት ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፌቨን ቢሮዋ ጠራችው።

ፌቨን አርባ ዓመቷ ነው። ቢሮዋ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ ከትናንት ጀምሮ ገርጥቷል። በደኅነኛው አስቀመጠችው።

«በአሥራ ሁለት ቀን አርባ ሦስት የቁጥጥር ጉብኝት አድርገዋል» አለች። «ዘጠኙ ዳቦ ቤት ነው።»

«ዳቦ እወዳለሁ።»

«ኢንጂነር።»

ነቢል አቀረቀረ። ሁሉንም ነገራት፤ ደብዳቤውን፣ ማኅተሙን፣ እንጨቱን። ፌቨን ሳታቋርጥ ሰማችው። ስትሰማ በአውራ ጣቷ ግንባሯን ታሽ ነበር።

«ይስሙኝ» አለች በመጨረሻ። «ጡረታዎ አምስት ዓመት ቀርቶታል። ቅጹን እንደተሞላው ያትሙ። የእንጨቱን መራመጃ እኔ የእርስዎ ሙከራ ነው ብዬ እመዘግበዋለሁ። ቲቸርም ይሄዱበታል። ሰው አይጎዳም።»

«ምክንያቱን ቀይሬ ብጽፍስ?»

«ይችላሉ። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ያተመ መሐንዲስ ማኅተሙ እዚያው ይዘጋል። እኔ የምዘጋው እንዳይመስልዎ፤ ራሱ ነው የሚዘጋው። ማኅተሙ ከተዘጋ ደግሞ የቲቸር መራመጃ ባዕድ ዕቃ ይሆናል። አንድም በር አይከፍትላቸውም።»

«ሌሎቹስ? ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ።»

«የተዋሃደ ዝርዝር እኛ መልሰን ልንለየው አንችልም፤ እርስዎ ከጻፉ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል። ካልጻፉ የሚሄድ ነገር የለም፤ ቸልተኝነት ነው ተብሎ ይዘጋል።» ወደ መስኮቱ ዞረች። «የእኔም እናት በክራንች ነው የምትሄደው። በየሦስት ዓመቱ ቀኗን እኔ ነኝ የማስታውሳት። እስከ ሐሙስ ያስቡበት።»

ነቢል አላሰበበትም። ማሰብ የሚችልበት ጉልበት ያለ አልመሰለውም። በቀጥታ ቲቸር ሄርሜላ ቤት ሄዶ ፌቨን ያለችውን አንድ በአንድ ነገራቸው።

«ያንተ ጓሮ ሁለት መቶ አሥራ አንድ መራመጃ ይሠራል?» ሲሉ ጠየቁት።

«አይሠራም። አንዱ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።»

«እንግዲያ ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?»

«በር አይከፈትልዎትም ቲቸር።»

«አንኳኳለሁ።»

«የሚከፍት ሰው የሌለበት በር አለ እኮ። ቤተ መጻሕፍቱ ሰው የለውም።»

«ይቅርብኛ።» ይህን ብለው መራመጃውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «አሁን ደግሞ ስሌቱን አትዝለል። ከመጀመሪያው ጀምረህ ጻፈው።»

ሐሙስ ጠዋት ጻፈው። ደብዳቤውን፣ ቀኑን፣ ሥራ በዝቶበት እንደነበረ፣ ማንንም እንዳላማከረ፣ ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ሰዎች ዛሬም በዚያው ዝርዝር ላይ እንዳሉ። አራት ገጽ ሆነ። አተመው። ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ የጣቢያው በር አልከፈት አለው። ዘበኛው መጥቶ በእጁ ከፈተለትና «ምን ነካው ዛሬ ይኼ በር?» አለ። ነቢል አመስግኖት ወጣ። ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተጋደመ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣለትም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ማንም አልጠራውም፤ ማንም አልወቀሰውም። ጓሮው ክፍል ይገባል፣ መጋዙን አንስቶ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሐናን ቡና በሚለቀምበት ጣቢያ የሒሳብ ሥራ አገኘች፤ ጠዋት እሷ ትወጣለች፣ እሱ ይቀራል። ቲቸር ሄርሜላ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያንኳኳሉ፤ ሻጯ ዳቦውን ይዛላቸው ትወጣለች። ፋርማሲ ሐናን ትሄድላቸዋለች። ቤተ መጻሕፍቱ ቀረ።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። በመካከሉ ከሁለት መቶ አሥራ አንዱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ወደቁ። አንደኛው ከወደቁበት አልተነሱም። የጋራዥ ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ነቢል ቀብራቸው ላይ ተገኝቶ ከኋላ ቆመ። ልጆቻቸው አያውቁትም፤ ስለመጣህ እናመሰግናለን አሉት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ደብዳቤው ወጣ። ለሰው አካል መደገፊያ የሚሆኑ ዕቃዎች ከልስላሴ ዝርዝር ወጥተዋል፤ በተጠቃሚዎች እጅ ያለው በሙሉ በሳምንት ውስጥ ይለወጥላቸዋል። ምክንያት አልተጻፈም። የማንም ስም የለበትም። ፌቨን ግልባጩን ያለ ምንም ቃል ላከችለት። ሁለት ጊዜ አንብቦ ለሐናን ሰጣት። እሷም አንብባ ስትጨርስ ግንባሩን ሳመችው፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በሳምንቱ ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቲቸር ሄርሜላን ለማየት ገባ። አዲስ መራመጃ ተሰጥቷቸዋል። ታትሞ የወጣ፣ ነጭ፣ የማይለሰልስ። በሩን የከፈቱለት በሱ ተደግፈው ነው። የእንጨቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«እንዴት ነው አዲሱ?» አለ።

«እውነቱን ልንገርህ?»

«ይንገሩኝ።»

«ቀሎኛል። ያንተ ቆንጆ ነበር፤ ግን እስከ መጨረሻው ከብዶኝ ነበር። ትከሻዬን ሲያመኝ ነው የከረመው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሦስት ጊዜ ላግከው። አራተኛ ልበልህ?»

ነቢል ሳቀ። ሳቁ ሳያስበው ስለመጣ ደረቱን አሳመመው። ቲቸር ወንበር አሳዩት፤ ተቀመጠ። ትናንት ቤተ መጻሕፍት ሄደው በሩ በስማቸው እንደጠራቸው ነገሩት። ከዚያ ሻይ ልጣድ ብለው ተነሱ። እሠራለሁ ቢላቸው «ተቀመጥ፣ እኔ መሄድ እችላለሁ» አሉት።

ወጥ ቤት ለመድረስ ጊዜ ወሰደባቸው። ውኃውን ጥደው፣ ሻይ ቅጠሉን ፈልገው፣ ስኳሩን አውርደው «ነቢል፣ ና ተሸከምልኝ» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። መራመጃቸውን ይዘው ተመለሱ። ነቢል አንገቱን ወደ ግድግዳው ጥሎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ እያንኮራፋ ተኝቷል። የመስኮቱ ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፏል።

ቲቸር ሄርሜላ ተመልሰው ሄደው ምድጃውን አጠፉ። መጥተው መጋረጃውን ሳቡለት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ባለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓትም አልቀሰቀሱትም።